ደሙ የራሷ ነው፤ ብልቃጡስ የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



በሙያዬ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ የሰው ደም ስቀዳና ስመረምር ኖሬያለሁ። በዲን ረገድ ግን ከዑለሞች እግር ሥር ተቀምጦ ከሚጠይቅ ተራ ሙስሊም አልበልጥም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ የማነሳው ጉዳይ ሁለቱንም ወገን የሚነካ በመሆኑ ነው። ስለ ደሙ የምለውን በሙያዬ እላለሁ፤ ስለ ሑክሙ የምለው ግን ከዑለሞች የሰማሁትንና ካነበብኩት ያገኘሁትን ብቻ ነው።

ነገሩ የተነሳው በረጀብ ወር ነው። የእህቴ ልጅ መርካቶ ውስጥ በአንድ የልብስ ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ዕድሜዋ 24 ዓመት ነው። ተወልዳ ያደገችው ከመቅደላ አምባ ወዲያ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ ነው። አንድ እሑድ ቤቴ መጥታ ሻይ እየጠጣን ሳለ ድንገት፣ "አጎቴ፣ የራስን ደም አስቀድቶ ፊት ላይ መወጋት ሐላል ነው ይላሉ?" ስትል ጠየቀችኝ። ስለ ዋግምት የምትጠይቀኝ መስሎኝ "ምን ችግር አለው፣ ሱና ነው" ልላት ነበር። ኋላ ስትዘረዝርልኝ ነገሩ በየውበት ቤቱ ፒ.አር.ፒ. እየተባለ የሚጠራው ሕክምና መሆኑን ተረዳሁ። ኒካሑ ከዐረፋ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ልጂቱ የጆሮ ወርቋን ሸጣ ቀብድ ከፍላ ኖሯል። ሐላል ነው ወይ ብላ የጠየቀችኝ ከከፈለች በኋላ ነው እንግዲህ! ብዙዎቻችን የምናደርገው እንዲሁ ስለሆነ አልተቆጣኋትም።

ምክንያቷን አውቀዋለሁ። በግራ ጉንጯ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው፣ መካከሉ የሰረጎደ ጠባሳ አለ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ቁንጭር ወጥቶባት ነበር። ለከተማ አንባቢ ቁንጭር እንግዳ ስም ሊሆን ይችላል፤ በወሎ ደጋ ግን ልጆቹን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ገደልና ዋሻ ባለበት፣ ሽኮኮ በሚርመሰመስበት አገር የምትኖር፣ ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። ጥገኛ ህዋሱን ከሽኮኮ ወስዳ ለሰው ታቀብላለች። መጀመሪያ እንደ ብጉር ያብጣል፤ ከዚያ ይሰፋል፣ ይቆስላል፤ ሳያመረቅዝና ብዙም ሳያም ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። በመጨረሻ በራሱ ሊድን ይችላል፤ ሲድን ግን ምልክቱን ጥሎ ይሄዳል። የሚወደውም ፊትን ነው፤ አፍንጫን፣ ጉንጭን፣ ከንፈርን። ታሪክ አዋቂው አንባቢ መቅደላን የሚያውቃት በአፄ ቴዎድሮስ ፍጻሜ፣ በ1860 ዓ.ም. በሆነው ነው፤ እኔ ግን ያ ገደል ሁሉ ሲታየኝ የሚታወሰኝ ሽኮኮውና የልጆቹ ፊት ነው።

የልጂቱ እናት፣ ታላቅ እህቴ፣ ያኔ እንደ አገሩ ልማድ ቁስሉን በጋለ ብረት አስተኮሰችው። በሐኪም ቤት ቢታይ ኖሮ ጠባሳው ያነሰ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ለእሷ ግን ይህን ተናግሬ አላውቅም። ራሷ ታውቀዋለች። ስለ ልጇ ፊት በተነሳ ቁጥር ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም ትላለች።

አሁን የወንዱ ወገን አንዲት አክስት "ፊቷ ምን ሆኖ ነው?" ብላ ጠይቃለች። ወጣቱ ራሱ ጠባሳውን አይቶ፣ አውቆ ነው የጠየቃት። ቢሆንም ቃሏ ልጂቱ ልብ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስለ ፊት ሕክምና ሲወራ "የጠገቡ ሰዎች ጉዳይ ነው" ብለው ለማለፍ የሚቸኩሉ ወንድሞች ስላሉ ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ።

ለመሆኑ ሕክምናው ምንድን ነው? ደም ቀድተን በብልቃጥ ስናስቀምጠው ለዓይን አንድ ወጥ ቀይ ፈሳሽ ይመስላል። ሴንትሪፉጅ በምንለው ማሽን ውስጥ ከተን ለጥቂት ደቂቃዎች በኃይል ስናሽከረክረው ግን እንደየክብደቱ ይደረደራል። ከባዱ ቀይ ህዋስ ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የቀለጠ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ይቀመጣል፤ ይህ ፕላዝማ ይባላል። በሁለቱ መካከል ስስ፣ ነጣ ያለ ሽፋን አለ። ነጭ ህዋሶቹና ከፕላትሌቶቹ ብዙዎቹ የሚገኙት በዚያ አካባቢ ነው። ፕላትሌት ማለት ስንቆረጥ ደማችን እንዲረጋ የሚያደርግ እጅግ ጥቃቅን የሆነ የደም ክፍል ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል፤ ዕድሜውም ከ7 እስከ 10 ቀን ቢሆን ነው። ሥራው ግን ደም ማርጋት ብቻ አይደለም። ቁስል በተፈጠረበት ቦታ ሲደርስ በውስጡ የያዛቸውን ንጥረ ነገሮች ይለቃል፤ እነሱም በአካባቢው ያሉትን የቆዳ ህዋሶች "ተነሱ፣ ጠግኑ" እንደሚል አዋጅ ይቀሰቅሳሉ። አዲስ ኮላጅን የሚሠራው፣ ትንንሽ የደም ሥሮች የሚበቅሉት በዚህ ቅስቀሳ ነው። ሱብሓነላህ! እኔ ይህን በየቀኑ በማይክሮስኮፕ የማየው ሰው እንኳ አልለመድኩትም።

ፒ.አር.ፒ. ማለት እንግዲህ ፕላትሌቱ ከመደበኛው ሦስት፣ አራት፣ አምስት እጥፍ እንዲጠራቀም የተደረገ የሰውየው የራሱ ፕላዝማ ነው። ለፊት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ከክንድ ይቀዳል፤ ይሽከረከራል፤ ቢጫው ፈሳሽ ይወሰድና በቀጭን መርፌ ፊት ላይ ይወጋል፤ ወይም ፊቱ በጥቃቅን መርፌዎች ከተበሳሳ በኋላ ይቀባል። በወር ልዩነት ሦስት ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በደም ሐኪሞች ዘንድ ነው፤ ፕላትሌታቸው ላነሰ ሕሙማን የሚሰጥ ደም ነበር። በ1990ዎቹ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች አጥንት እንዲገጥም ተጠቀሙበት። ቀጥሎ የስፖርተኞች ጉልበት ላይ ደረሰ። ወደ ውበት የገባው ከዚያ ወዲህ ሲሆን በ2013 አንዲት ዝነኛ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሴት ፊቷን ደም በደም አድርጋ ፎቶ ተነስታ ካሳየች በኋላ ዓለም ሁሉ አወቀው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተለይ በቦሌ አካባቢ፣ ማስታወቂያው ብርቅ አይደለም።

ይሠራል ወይ? በሐቅ ለመናገር ጥናቶቹ ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ አዘገጃጀታቸውም እንደየቤቱ ይለያያል። ብጉር ጥሎት ለሄደ የሰረጎደ ጠባሳ ከመርፌ መበሳሳቱ ጋር ሲሰጥ የተሻለ ውጤት ተመዝግቧል። ለመሸብሸብ ግን የሚገኘው ለውጥ መጠነኛና ጊዜያዊ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማዘጋጃ ማሽኖቹን የፈቀደው በዋናነት በአጥንት ቀዶ ሕክምና ከሚተከል አጥንት ጋር እንዲደባለቅ እንጂ ፊት ለማሳመር ብሎ አይደለም። "ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሳል" የሚለው የነጋዴ ቃል ነው።

ወደ ሑክሙ ልመለስ። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ደሙ ነው። እውነትም ፈሳሽ ደም በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 145 ከተከለከሉት ነገሮች ይቆጠራል፤ የአራቱም መዝሀብ ዑለሞች ነጃሳ መሆኑን ይናገራሉ። ልጂቱም ያስጨነቃት ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ የዘመናችን ዑለሞች በደም ልገሳ ጉዳይ ይህን ጥያቄ ቀድመው ተወያይተውበታል፤ ለሕክምና በሚያስፈልግ ጊዜ ደም መስጠትም መቀበልም እንደሚፈቀድ ገልጸዋል። የሌላ ሰው ደም ከተፈቀደ የራስ ደም ይበልጥ የቀለለ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ጂዳ ላይ ባደረገው አራተኛ ጉባኤው በ26ኛው ውሳኔ ላይ ከአንድ ሰው አካል ተወስዶ እዚያው ሰው አካል ላይ ስለሚተከል ነገር ደንግጓል። በውሳኔው አካል ሲባል ሕብረ ህዋስንና ደምን ጭምር እንደሚያጠቃልል ተገልጿል። ጥቅሙ ከጉዳቱ የሚያመዝን ከሆነ፣ ዓላማውም የጎደለን መሙላት፣ የተበላሸን መመለስ ወይም ሰውየውን በአካልም ሆነ በመንፈስ የሚጎዳ ጉድለትን ማስወገድ ከሆነ ይፈቀዳል ይላል። "በመንፈስ" የሚለውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ስለዚህ ዋናው የሑክም ጥያቄ ደሙ አይደለም፤ ለምን ይወጋል የሚለው ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከአብደላህ ኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ለቁንጅና ሲባል የአላህን ፍጥረት የሚለውጡ፣ የሚነቀሱና የሚነቅሱ፣ ቅንድብ የሚነቅሉ፣ ጥርስ የሚያፈነጩ ተወግዘዋል። በሌላ በኩል አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት የዐርፈጃ (ረ.ዐ.) ታሪክ አለ። ይህ ሰሓቢ አፍንጫቸው በጦርነት ተቆርጦ የብር አፍንጫ አሠርተው ነበር። ብሩ ሲሸትባቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። ወርቅ ለወንድ ሐራም እንደሆነ እናውቃለን፤ ለጎደለ ፊት ግን ተፈቀደ። ዑለሞች ሁለቱን ሐዲሶች አጣጥመው ልዩነቱን ሲያስረዱ፣ ጉድለትን መጠገን አንድ ነገር ነው፣ አላህ አሳምሮ የሰጠውን አልወድም ብሎ መለወጥ ሌላ ነው ይላሉ።

ለዚህ ነው ያው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ ባሳለፈው 173ኛ ውሳኔ በቃጠሎ፣ በአደጋ ወይም በበሽታ የመጣን ጉድለት ማስተካከልን ሲፈቅድ፣ የዕድሜ መሸብሸብን በቀዶ ሕክምናም ሆነ በመርፌ ማስወገድን ግን የበሽታ ሁኔታ ካልሆነ በቀር ያልፈቀደው። በዚህ በሁለተኛው ላይ የተለየ አስተያየት ያላቸው ዑለሞች መኖራቸውን አልሸሽግም። ለውጡ ጊዜያዊ ከሆነ፣ ማታለልና ጉዳት ከሌለበት "ፍጥረትን መለወጥ" አይባልም የሚሉ አሉ። የእኔ ልብ ወደ አካዳሚው ያዘነብላል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ሲናገሩ እርጅናን ለይተው ማውጣታቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ታላቅ እህቴ 58 ዓመቷ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ነው፤ በየ1000 ሜትሩ ከፀሐይ የሚመጣው ቆዳ የሚያቃጥል ጨረር 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል። በዚያ ላይ ንፋሱ፣ በዚያ ላይ ምድጃው። ፊቷ እንደ ታረሰ መሬት ነው። ይህ ግን በሽታ አይደለም፤ ኑሮዋ ነው።

የቢሮ ባልደረባዬ የሆነች አንዲት እህት ደግሞ 46 ዓመቷ ነው፤ በሽታም ጠባሳም የላትም፤ ለመሸብሸብ ብላ ሁለት ጊዜ ተወግታለች። "ባሌ ደስ እንዲለው ነው" አለችኝ። ሴት ለባሏ ብትዋብ ሥራዋ የሚመሰገን እንጂ የሚወቀስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የወሎ እናቶቻችን በወይባ ጢስ ገላቸውን ሲያለሰልሱ፣ በእንሶስላ እጅና እግራቸውን ሲያቀሉ፣ ኩል ሲኳሉ ኖረዋል፤ ሸሆቻችንም አልከለከሏቸውም። ቆዳን በስቶ የሚገባውን መርፌ ግን ከወይባ ጋር አንድ አድርጌ ማየት አልቻልኩም። ለእሷም ይህንኑ ነገርኳት፤ አልተስማማችም፤ ሰላምታችን ግን አልተቋረጠም።

በነገራችን ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ስለ ፒ.አር.ፒ. ፈትዋ ፍለጋ የምንሯሯጥ ሰዎች፣ በሐዲሱ ላይ በስሙ የተጠቀሰውን ንቅሳት እናቶቻችን ድዳቸው ላይ ሲያስነቅሱ ማን ጠየቀ? ዛሬስ ፊት ለማቅላት ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠውን ቅባት ስንገዛ ማን ይጠይቃል? ከነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው፤ ሌሎቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ የሌለበት ስቴሮይድ ናቸው። ስቴሮይዱ በመጀመሪያው ወር ፊትን ያጠራል፤ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ሥሩ ይታያል፤ ብጉርና ፀጉር ያበቅላል፤ ሲያቋርጡት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። በማድያት ምክንያት ጀምረው በዚህ የተጎዱ ሴቶች ብዙ አይቻለሁ። አላህ የሰጠን ጥቁረት ጉድለት አይደለም፤ በዚህ ላይ ፈትዋ የሚያሻው ያለም አይመስለኝም።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው። ደሙ ተፈቀደ፣ ዓላማውም ጉድለትን መጠገን ነው እንበል። ጉዳትን የሚከለክለው የሸሪዓ መርህ ግን አሁንም ከፊታችን ቆሟል። ልጂቱን "ቀብድ የከፈልሽበትን ቤት አሳይኝ" አልኳት። አብረን ሄድን። የቤቱን ስም አልጠራም። ደጁ ያማረ፣ ወንበሩ ለስላሳ፣ የሚያስተናግዱት ልጆች ትሑት ናቸው። ሐኪም ግን አላየሁም። ጥግ ላይ ሴንትሪፉጅ ተቀምጧል፤ ማሽኑ እኔ ከምሠራበት ብዙ አይለይም። ክዳኑ ክፍት ነበርና ጎንበስ ብዬ አየሁ። በውስጡ የተሽከረከረ ደም የያዙ አራት ብልቃጦች አሉ። አንዳቸውም ላይ ስም የለም።

"ስም አትጽፉባቸውም እንዴ?" አልኩ።

"እናውቃቸዋለን ጋሼ፣ አይቀላቀሉም" አለችኝ ልጅቷ እየሳቀች።

ፊት መበሻው ጥቃቅን መርፌዎች ያሉት ተንከባላይ ነገር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይከፈት እንደሆነ ጠየቅኩ። "በአልኮል እናጸዳዋለን" አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ሕክምና ትልቁ ማረጋገጫ "ደሙ የራስሽ ስለሆነ አያሰጋሽም" የሚለው ነው። ቃሉ እውነት የሚሆነው ግን ብልቃጡም ያንቺ ከሆነ ብቻ ነው። ስም የሌላቸው አራት ብልቃጦች ቦታ ቢለዋወጡ አንዲት ሙሽራ የማታውቀውን ሰው ደም ፊቷ ላይ ትወጋለች፤ ኤች.አይ.ቪ. ይሁን፣ የጉበት በሽታ አምጪው ቢ ወይም ሲ ቫይረስ ይሁን አብሮ ይገባል። ሰው የነካ መርፌንም በአልኮል መወልወል ከነዚህ አያድንም። አዲስ መከፈት፣ ከአንድ ሰው በኋላ መጣል አለበት። በላቦራቶሪ ሥራ የመጀመሪያ ቀን የምንማረው ስም መጻፍን ነው፤ ያውም ሰውየው ፊታችን ተቀምጦ ሳለ፣ ስሙን ራሱን አስጠርተን።

የምሰጋው በባዶ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በኒው ሜክሲኮ ግዛት አልበከርኪ ከተማ ይህንኑ የፊት ሕክምና ያለ ፈቃድ ይሰጥ የነበረ አንድ የውበት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘጋ። መርማሪዎች ሲገቡ በወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ስም የሌላቸው የደም ብልቃጦች አገኙ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ደም ከምግብ ጋር ተቀምጧል፤ ከማሸጊያቸው የወጡ መርፌዎች በየመሳቢያው ተበትነዋል። ሌላ የሚያጋልጥ ምክንያት ያልነበራቸው ሴቶች በኤች.አይ.ቪ. ተይዘው ተገኙ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሚያዝያ 2024 ባወጣው ሪፖርት ቫይረሱ በዚህ መንገድ የተላለፈበት የታወቀ የመጀመሪያው አጋጣሚ መሆኑ ተገለጸ። የቤቱ ባለቤት በ2022 ጥፋቷን አምና የሦስት ዓመት ተኩል እስራት ተፈርዶባታል። ያ የሆነው ሕግና ተቆጣጣሪ በበዛበት አገር ነው።

እኛ ደግሞ ይህን ትምህርት ቀድመን የተማርን ሕዝብ ነን። በገጠር ዋግምት የሚያደርጉ አባቶች ቀንዳቸውንና ምላጫቸውን ይዘው በየገበያው ይዞሩ ነበር፤ በአንድ ምላጭ ስንቱ ይበጣ ነበር! ኤች.አይ.ቪ. መጣና ሰው "ምላጭህን ራስህ ይዘህ ሂድ" መባልን ለመደ። ዛሬ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ ያላሸገ ምላጭ ቢያወጡ ዘወር የሚሉ ገበሬዎች፣ ቦሌ ላይ ስም በሌለው ብልቃጥ የሚወጉ እህቶች ያሏቸው መሆኑ አይደንቅም ወይ?

ልጂቱን እጇን ይዤ ወጣሁ። ቀብዱን አልመለሱላትም። መንገድ ላይ አለቀሰች፤ በጆሮ ወርቋ ሳይሆን በተስፋዋ ነበር። "አብሽሪ፣ መንገዱን አሳሳትሽ እንጂ ፍላጎትሽ ነውር የለበትም" አልኳት።

ለዘመድ ጥየቃ ወደ አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ ነገሩን ለአንድ የአካባቢያችን ሸህ አነሳሁባቸው። ስለ ሴንትሪፉጅ ሰምተው አያውቁም። ስዘረዝርላቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና "ልጂቱ የምትጠላው ፊቷን ነው ወይስ ቁስሏን?" ብለው ጠየቁኝ። ቁስሏን ነው አልኳቸው። "እንግዲያ ታክማ። ለጠያቂዋ ግን አትሸሽግ፤ ያወቀ ሰው ነው አላልከኝም?" አሉ። ከተጫጩት ሰው ጉድለትን መደበቅ ማታለል እንደሚሆን፣ እሱ አይቶ ከወደደ ግን ጠባሳው በሕክምና ቢቀንስ ማታለል እንዳልሆነ አስረዱኝ። ሐኪሟ ሴት ብትሆን እንደሚመረጥ፣ ካልተገኘች ግን ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል ፊት መግለጥ እንደሚፈቀድም አከሉልኝ።

ስለ ዉዱእም ጠየቅኳቸው፤ ይህን የሚያነሳ ሰው ብዙ አላየሁም። ከመርፌው በኋላ ፊት ለሰዓታት ውኃ እንዳይነካው ሐኪሞች ያዛሉ። በሐነፊ መዝሀብ የፈሰሰ ደም ዉዱእ ያፈርሳል፤ በሻፊዒ አያፈርስም፤ ፊት ላይ የቀረው ደም ግን በሁለቱም መጽዳት አለበት። ሸሁ ያሉኝ፣ ቀጠሮውን ከሶላት ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ አድርጋ መያዝ እንደሚሻል፣ ውኃ የሚጎዳት መሆኑን የታመነ ሐኪም ከነገራት ደግሞ ቁስለኛ የሚያደርገውን እንድታደርግ፣ አፈጻጸሙንም በቅርቧ ካለ ዓሊም እንድትማር ነው። ወላሁ አዕለም።

ሕክምናው ሁሉም ሰው የሚወስደው እንዳልሆነም ልጨምር። ፕላትሌቱ ያነሰ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ፊቱ ላይ ያልዳነ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ካንሰር ያለበት ሰው ከሐኪም ጋር ሳይመክር አይጠጋው። ከቁንጭር አገር የመጣ ሰው ደግሞ በቅድሚያ ቁስሉ በእርግጥ መዳኑን ማወቅ አለበት። ምርመራው ከባድ አይደለም፤ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ተፍቆ ቀለም ይነከርና በማይክሮስኮፕ ይታያል። በአዲስ አበባ አለርት፣ በወሎ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው። ቦሩ ሜዳ ሲባል የወሎ ሙስሊም መጀመሪያ የሚያስታውሰው በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አባቶቻችንን "ሃይማኖታችሁን ለውጡ" ያሉበትን ጉባኤ ነው፤ ስሙ ሲነሳ እስከ ዛሬ የሚያመው አለ። ሆስፒታሉ ግን መጀመሪያ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ሲሆን ዛሬ ከየገደሉ ሥር ቁንጭር ያለባቸውን ልጆች ያክማል፤ ሃይማኖታቸውንም አይጠይቅም። ልጅ ያላችሁ የአገሬ ሰዎች፣ ብረቱን ከማጋላችሁ በፊት መንገዱን ጠይቁ።

ልጂቱ ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሄደች። ሐኪሟ ሴት ናቸው። ጠባሳውን አዩ፤ አስመረመሩ፤ ጥገኛ ህዋስ የለም ተባለ። ፒ.አር.ፒ. ሊረዳት እንደሚችል፣ ግን ስርጉዱ በከፊል እንጂ ፈጽሞ እንደማይጠፋ፣ ያልተተኮሰ ቢሆን ኖሮ ይቀል እንደነበር ነገሯት። ይህን የመጨረሻውን ለእናቷ እንዳትነግራት ለመንኳት። እሷ ግን ቀድማኝ ወስናለች። "ለእማዬ የነገርኳት ይድናል ብቻ ብዬ ነው" አለችኝ።

የመጀመሪያ ቀጠሮዋ በሸዋል ወር ነው። በረመዳን ደም መቀዳቱ ጾም ያበላሻል ወይ ስትል ጠይቃኝ ስለነበር፣ ዑለሞች የተለያዩበትን ነገር ከመነካካት ጾሙ ቢያልፍ ይሻላል ብያት ተስማምታለች። ባለፈው ጁምዓ ደግሞ ደወለችልኝ። ነርሷ ደም ልትቀዳ ስትል ብልቃጡን ተቀብላ ስሟን በራሷ እጅ ልትጽፍበት አስባለች፤ የምን ዓይነት እስክርቢቶ እንደማይለቅ ልትጠይቀኝ ነው የደወለችው።